የታዘዘልዎትን የአስም ኢንሄለር ከማቆምዎ በፊት፦ የጎንዮሽ ጉዳቱንና ወጪውን እንዴት ይመዝናሉ?

ሐኪሙ ኢንሄለር አዘዘ። መድኃኒት ቤት ሄደው ዋጋውን ሰሙ። ቤት ገብተው ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሲዘረጉት ደግሞ የጎንዮሽ ጉዳት ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። «ስቴሮይድ» የሚለውን ቃል ሲያዩ ልብዎ ሸሸ። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ ይሄን ነገር በየቀኑ መሳቡ ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል? ገንዘቡስ ያዘልቀኛል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ ብዙ ሰው መልሱን ለብቻው፣ ለማንም ሳይናገር መወሰኑ ነው። አንዱ ሐኪሙን ሳያማክር ያቆማል። ሌላው ለማብቃቃት ብሎ ቀን እየዘለለ ይስባል። ሁለቱም ሲመዝኑ አንድ ነገር ይረሳሉ። ኢንሄለሩ የሚመዘነው መድኃኒት ከማያስፈልገው ጤናማ ሰው ኑሮ ጋር አይደለም፤ ካልታከመ አስም ጋር ነው። ያልታከመ አስም የራሱ ጉዳት አለው። ወጪም አለው፤ ያውም ድንገት የሚመጣ ወጪ።

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። አሁን ይህን ሲያነቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካቃተዎት፣ ከንፈርዎ ወይም ጥፍርዎ ከጠቆረ፣ ወይም ማስታገሻውን ስበው ብዙም ሳይቆይ ትንፋሽዎ መልሶ ካጠረ፣ ንባቡን ይተዉና ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ። እየሄዱም ማስታገሻዎን መሳብ አያቁሙ። የሚቀጥለው ሁሉ ትንፋሽ ሲረጋጋ የሚሠራ ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ በእጅዎ ያለው ኢንሄለር ምን እንደሚሠራ ይወቁ

አስም ሲነሳ ሁለት ነገር ይሆናል። የአየር ቧንቧዎቹ ውስጠኛ ግድግዳ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አክታ ያበዛል። በቧንቧዎቹ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ደግሞ ይጨመደዳል። መድኃኒቶቹም የሚለያዩት በዚሁ ነው።

ሳልቡታሞል ጡንቻውን ያላላል። በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ይቆያል። መቆጣቱን ግን አይነካውም። ፈጣን ማስታገሻ የሚባለው ይህ ነው።

ቤክሎሜታዞን፣ ቡደሶናይድ፣ ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታዞንና ሲክሌሶናይድ የሚሳቡ ስቴሮይዶች ናቸው። መቆጣቱን የሚያበርዱት እነዚህ ናቸው፤ መቆጣጠሪያ ይባላሉ። ስበዋቸው ወዲያው የሚሰማ ነገር የለም። ለውጡ በቀናት ይጀምርና በሳምንታት ይጎለብታል። «ምንም አልሠራልኝም» ተብለው የሚተዉትም በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ዓይነት ድብልቅ ነው፦ ስቴሮይድና ረጅም ሰዓት የሚቆይ የጡንቻ ማላያ በአንድ ላይ፣ ለምሳሌ ቡደሶናይድ ከፎርሞቴሮል ጋር ወይም ፍሉቲካሶን ከሳልሜቴሮል ጋር።

በቀለም አይመኑ። ማስታገሻው ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው፤ ሁሉም አምራች ግን ይህን አይከተልም። ካርቶኑ ላይ ያለውን የመድኃኒቱን ስም ያንብቡ። የተጻፈው ሳልሜቴሮል ወይም ፎርሞቴሮል ብቻ ሆኖ ስቴሮይድ ከሌለበት፣ ሌላ የስቴሮይድ ኢንሄለር አብሮ መታዘዙን ዛሬውኑ ይጠይቁ። ለአስም እነዚህን ያለ ስቴሮይድ መውሰድ አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ርካሹ ሳልቡታሞል መናገር ግድ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ሲስቡት ወዲያው ይሰማል፣ ስቴሮይድም የለበትም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ይሄ ይበቃኛል» ይላል። ነገር ግን ጂና በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ታዳጊዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዲታከሙ አይመክርም። በዓመት 3 ወይም ከዚያ በላይ ባለ 200 ፓፍ (አንዴ ሲጫኑት የሚወጣው መጠን አንድ ፓፍ ይባላል) የሳልቡታሞል ኢንሄለር የሚጨርስ ሰው ከባድ የአስም ግርሻት የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። 12 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የመሞት አደጋው ይጨምራል። ባለፈው ዓመት ስንት እንደጨረሱ ያስቡ። ይህ ቁጥር ከቀሪው ስሌት ሁሉ በፊት መታወቅ አለበት።

ደረጃ 2፦ አስምዎ አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይለኩ

ያለፉትን 4 ሳምንታት ያስታውሱና አራት ጥያቄዎችን ይመልሱ። ቀን ላይ ሳል፣ ሲር ሲር ማለት ወይም የደረት መታፈን በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ መጥቶብዎታል? አስሙ ከእንቅልፍ ቀስቅሶዎታል? ማስታገሻውን በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ፈልገዋል? ደረጃ መውጣት፣ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ሥራ መሥራት በአስሙ ምክንያት ቀርቶብዎታል?

ሁሉም «አይ» ከሆነ አስምዎ በቁጥጥር ሥር ነው። አንድ ወይም ሁለት «አዎ» ካለ ቁጥጥሩ ከፊል ነው። ሦስት ወይም አራት ከሆነ አስሙ ከቁጥጥር ወጥቷል። መልሱን ከነቀኑ ወረቀት ላይ ያስፍሩት። ከዚህ ጎን ሌላ ነገር ይጨምሩ፦ ባለፉት 12 ወራት ስንት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገቡ? ስንት ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ኪኒን ታዘዘልዎት? ስንት ቀን ከሥራ ወይም ከትምህርት ቀሩ?

ይህ ወረቀት ነው ያልታከመ አስም ምን እያስከፈልዎት እንደሆነ የሚያሳየው። ያለ እሱ ሲመዝኑ መድኃኒቱ ሁልጊዜ ውድና አስፈሪ ሆኖ ይታያል፤ ከጎኑ የሚቀመጥ ነገር የለምና።

ደረጃ 3፦ የጎንዮሽ ጉዳቶቹን ለዩ እንጂ አትቁጠሩ

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ሁሉንም ነገር በአንድ ላይ ይዘረዝራል። ከ10 ሰው አንዱን የሚያጋጥመው ከ10,000 ሰው አንዱን ከሚያጋጥመው ጎን ተጽፏል። ዝርዝሩ ስለረዘመ መድኃኒቱ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ጉዳት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ያህል ያጋጥማል? ቢመጣ ሲያቆሙት ይለቃል? መከላከያ አለው?

ከሳልቡታሞል እንጀምር። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ድው ድው ይላል፣ ራስ ሊያም ይችላል፣ አንዳንዴ እግር ላይ ጡንቻ ይጨመደዳል። አብዛኛው በአጭር ጊዜ ይለቃል። በጣም ብዙ ሲወሰድ ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህንን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት። መንቀጥቀጡ በየቀኑ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ግን ጥያቄው ወደ ሌላ ይዞራል፦ ለምን በየቀኑ አስፈለገዎት? መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ መቆጣጠሪያውን በሥርዓቱ መውሰድ ነው።

የሚሳበው ስቴሮይድ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ፍርሃቱ ያለው እዚያ ነውና። በመጀመሪያ፣ ይህ ጡንቻ ለማፈርጠም ከሚወሰደው ስቴሮይድ ጋር አንድ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ ከሚሠራው ኮርቲሶል ጋር የሚዛመድ መድኃኒት ነው። በሁለተኛ ደረጃ መጠኑን ይመልከቱ። ለአዋቂ ዝቅተኛ የሚባለው የቡደሶናይድ መጠን በቀን ከ200 እስከ 400 ማይክሮግራም ነው። አስም ሲከፋ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀን ወደ 40 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህም 40,000 ማይክሮግራም ማለት ነው። እርግጥ ሁለቱ በጥንካሬ ስለሚለያዩ በክብደት ብቻ ማወዳደር አይበቃም። የሚሳበው በቀጥታ ሳንባ ላይ ስለሚያርፍ ግን ወደ ሌላው አካል የሚደርሰው ትንሽ ነው።

ቶሎ የሚታዩት ጉዳቶች አፍና ጉሮሮ ላይ ናቸው፦ ነጭ የአፍ ፈንገስ፣ የድምፅ መሻከር፣ ሲስቡ የሚመጣ ሳል። ያሰለቻሉ እንጂ አብዛኞቹ በቀላሉ የሚስተካከሉ ናቸው።

ሁለተኛው ዓይነት ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ መጠን በሚወስዱ ሰዎች ላይ የሚታይ ነው። የአጥንት መሳሳት፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም)፣ ቆዳ በትንሽ ግጭት መበለዝ፣ እንዲሁም ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች መዳከም። እነዚህን ማቃለል አይገባም። ከፍተኛ መጠን ለዓመታት የሚወስድ ሰው የዓይንና የአጥንት ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በድንገት ማቆምም የለበትም፤ የተዳከመው ዕጢ ወዲያው ሥራውን ላይጀምር ይችላልና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ጠቃሚ ነገር አለ። አብዛኛው የሚሳብ ስቴሮይድ ጥቅም የሚገኘው በዝቅተኛው መጠን ነው። መጠኑ ከዚያ ሲጨምር ጥቅሙ የሚጨምረው በትንሹ ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ «ይህን መድኃኒት ልተወው?» ከማለት «የእኔ መጠን ዝቅተኛ ነው፣ መካከለኛ ነው ወይስ ከፍተኛ? ከፍተኛ ከሆነ ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በእኔ እምነት በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይህ ይሁን። መልሱን ሲሰሙ ማይክሮግራሙን በመድኃኒቱ ዓይነት ያገናዝቡ፤ 250 ማይክሮግራም ፍሉቲካሶንና 250 ማይክሮግራም ቡደሶናይድ እኩል ጉልበት የላቸውም።

የልጆች ጉዳይ ለብቻው ይታያል። ወላጅ የሚፈራው ቁመትን ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ መጠኑን ማወቅ ግን ይረዳል። በሰሜን አሜሪካ ከ5 እስከ 13 ዓመት የነበሩ ልጆች በቀን 400 ማይክሮግራም ቡደሶናይድ ለዓመታት ወስደው፣ አዋቂ ሲሆኑ ቁመታቸው ተለክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው መድኃኒቱን ካልወሰዱት በአማካይ 1.2 ሴንቲሜትር ያጠሩ ነበር። ልዩነቱ የመጣው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ እየጨመረ አልሄደም። በሌላ በኩል፣ በየሌሊቱ የሚያስለውና መሮጥ የማይችለው ልጅም አስሙ ራሱ እድገቱን ሊያቀጭጭበት ይችላል። ለልጅ የሚሠራውን ዝቅተኛውን መጠን መፈለግና ቁመቱን በየጊዜው እየለኩ መመዝገብ ተገቢ ነው።

የፕሬድኒሶሎን ኪኒንም መመዘን አለበት። ለጥቂት ቀን ቢወሰድም እንቅልፍ ይነሳል፣ ስሜት ይለዋውጣል፣ የደም ስኳር ያንራል። እየተደጋገመ ሲመጣ ለአጥንት መሳሳት፣ ለስኳር ሕመምና ለዓይን ሞራ ያጋልጣል። ኢንሄለሩን በስቴሮይድ ፍራቻ ያቆመ ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በዚህ ኪኒን የሚታከም ከሆነ፣ ከትንሹ ሸሽቶ ወደ ትልቁ ስቴሮይድ ገብቷል።

«ከሚሳብ ይልቅ የሚዋጥ ይሻለኛል» የሚሉም አሉ። ሞንቴሉካስት የሚባለው ኪኒን ስቴሮይድ አይደለም። ነገር ግን እንደ መቆጣጠሪያ በጥቅሉ ከሚሳበው ስቴሮይድ ያነሰ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ስለ ስሜትና ባሕርይ መለዋወጥ፣ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብም ጭምር፣ ከባዱን ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አድርጓል። የሚዋጥ ስለሆነ ብቻ ቀላል ነው አይባልም።

ደረጃ 4፦ ከሌሎች መድኃኒቶችዎ ጋር ያገናዝቡ

የሚወስዱትን ሁሉ፣ የዓይን ጠብታ ሳይቀር፣ በአንድ ወረቀት ይጻፉ። በተለይ ሁለት ነገር ይፈልጉ።

አንደኛው ስቴሮይዱ ሰውነት ውስጥ እንዲጠራቀም የሚያደርግ መድኃኒት ነው። በኤችአይቪ ሕክምና ውስጥ ያሉት ሪቶናቪርና ኮቢሲስታት፣ ለፈንገስ የሚሰጡት ኢትራኮናዞልና ኬቶኮናዞል ከፍሉቲካሶን ወይም ከቡደሶናይድ ጋር ሲገናኙ ይህን ያደርጋሉ። ትንሹ መጠን እንደ ትልቅ መጠን ይሆናል፤ ፊት ያብጣል፣ ስኳር ይጨምራል። አንዱንም በራስዎ አያቁሙ። ሐኪሙ ወደ ሌላ ስቴሮይድ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ቤክሎሜታዞን፣ ሊቀይርልዎት ይችላል።

ሁለተኛው አስሙን ራሱን የሚያባብስ መድኃኒት ነው። ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል፣ ለግላኮማ የሚንጠባጠበው ቲሞሎል፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደግሞ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን። እነዚህ እያሉ ኢንሄለሩ «አልሠራም» ተብሎ መጠኑ ሲጨመር፣ ወጪውም ጉዳቱም አብሮ ይጨምራል።

ደረጃ 5፦ አሳሳብዎን ያስተካክሉ

ይህ ደረጃ ዋጋም ይቀንሳል፣ ጉዳትም ይቀንሳል። ኢንሄለር ከሚጠቀሙ ሰዎች አብዛኞቹ በትክክል አይስቡትም። በደንብ በሚስብ ሰው እንኳን ከሚረጨው ፓፍ ሳንባ የሚደርሰው ትንሹ ክፍል ነው፤ ብዙው አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። አፍ ላይ የቀረው መድኃኒት ደግሞ ገንዘቡ የተከፈለበት፣ ጥቅም የማይሰጥ፣ ፈንገስና የድምፅ መሻከር የሚያመጣ ነው።

የሚረጨውን ዓይነት እንዲህ ይሳቡት። ያናውጡት። ትንፋሽዎን ቀስ ብለው ያስወጡ። አፉን በከንፈርዎ ይክደኑት። በቀስታ መሳብ ሲጀምሩ አንዴ ይጫኑ፣ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ መሳብዎን ይቀጥሉ። ከዚያ ትንፋሽዎን 10 ሰከንድ ያህል ይያዙ። ሁለተኛ ፓፍ ካለ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ቆይተው፣ እንደገና አናውጠው ይድገሙት። በዱቄት መልክ የሚሳበው ኢንሄለር ተቃራኒ ነው፤ መድኃኒቱን በመሣሪያው አሠራር ካዘጋጁ በኋላ አያናውጡትም፣ በኃይልና በጥልቀት ይስቡታል። ትንፋሽዎን መሣሪያው ውስጥ በፍጹም አያስወጡ፤ እርጥበቱ ዱቄቱን ያበላሸዋል።

የስቴሮይድ ኢንሄለር ከሳቡ በኋላ አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ፣ ጉሮሮ ድረስ አድርሰው ይትፉት። አይዋጡት። ጥርስ ከመቦረሽ በፊት መሳብን ልማድ ማድረግ ይህን ያቀለዋል።

ለሚረጨው ኢንሄለር ስፔሰር ይጠቀሙ። በኢንሄለሩና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ማጠራቀሚያ ነው፤ የመጫኑንና የመሳቡን ጊዜ የማገናኘት ችግር ያቃልላል፣ ጉሮሮ ላይ የሚያርፈውንም ይቀንሳል። መግዛት ካልቻሉ ሐኪሙን ስለ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይጠይቁ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ ባለ 500 ሚሊ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ታችኛው ወገኑ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ተቀዶ ዙሪያው ሲታሸግ፣ ለልጆች ከሚሸጠው ስፔሰር ጋር ተቀራራቢ እንደሚሠራ አሳይቷል። ስፔሰሩን በለስላሳ ሳሙና ውኃ አጥበው ሳይወለውሉ በአየር እንዲደርቅ ይተዉት። በጨርቅ መወልወል ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ራሱ እንዲስብ ያደርገዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኢንሄለሩን እንደሳቡ ወዲያው ትንፋሽዎ ከበፊቱ የባሰ ካጠረ ይህ የአሳሳብ ጉዳይ አይደለም። ያንን ኢንሄለር እንደገና አይሳቡ፤ በእጅዎ ያለውን ሌላ ፈጣን ማስታገሻ ተጠቅመው አስቸኳይ ሕክምና ያግኙ።

ደረጃ 6፦ ዋጋውን በቀን ያስሉ

የካርቶኑ ዋጋ ያሳስታል። ማወቅ ያለብዎት የአንድ ቀን ዋጋ ነው። ሦስት ቁጥር ይበቃል፦ ዋጋው፣ ውስጡ ያለው የፓፍ ብዛት፣ በቀን የሚወስዱት ፓፍ።

ለምሳሌ አንደኛው ኢንሄለር 600 ነው እንበል፤ ገንዘቡ የየትም አገር ይሁን። 120 ፓፍ አለው፣ የታዘዘልዎት በቀን 4 ነው። 120ን ለ4 ሲያካፍሉ 30 ቀን ይሆናል። 600ን ለ30 ሲያካፍሉ የቀኑ ዋጋ 20 ነው። ሁለተኛው 1,200 ነው፣ 200 ፓፍ አለው፣ በቀን 2 ይበቃል። 100 ቀን ይቆያል፤ የቀኑ ዋጋ 12 ነው። ውድ የመሰለው ረከሰ። ችግሩ 1,200 በአንድ ጊዜ ማውጣቱ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ችግር ስለሆነ ለብቻው ይታሰብ።

ከዚያ ብክነቱን ይመልከቱ። አንዳንድ የዱቄት ኢንሄለሮች የታሸጉበት ፎይል ከተከፈተ በኋላ የተወሰነ ጊዜ ብቻ ያገለግላሉ። አልፎ አልፎ ለሚወስድ ሰው ትልቁን መግዛት ግማሹን መጣል ሊሆን ይችላል። ቆጣሪ የሌለው ኢንሄለር ከሆነ የጀመሩበትንና የሚያልቅበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። ማናወጥም ሆነ ውኃ ላይ ማንሳፈፍ የቀረውን አይነግርም። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የሚገፋው ጋዝ ስለሚቀር መርጨቱን አያቆምም፤ ባዶ እየሳቡ «ይሠራል» ብለው ያስባሉ።

አሁን በደረጃ 2 የጻፉትን ያውጡ። ባለፈው ዓመት ለድንገተኛ ክፍል፣ ለኪኒን፣ ለተጨማሪ ሳልቡታሞል ያወጡትንና ሥራ የቀሩበትን ይደምሩ። ለ365 ያካፍሉት። ይህ ያልታከመው አስም የቀን ዋጋ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ገንዘብ የማይለካው ነገር፣ ማለትም እንቅልፍና ፍርሃት፣ ከዚህ ውጭ ነው። እሱንም በቃላት ይጻፉት።

ደረጃ 7፦ ሕክምናውን ሳይቀንሱ ወጪውን ይቀንሱ

መጀመሪያ ተመሳሳዩን መድኃኒት በሌላ አምራች ስም ይጠይቁ። ከዚያ በዚያው ወገን ያለ ሌላ ስቴሮይድ ይጠይቁ፤ ዋጋቸው በእጅጉ ይለያያል። ቡደሶናይድ፣ ቡደሶናይድ ከፎርሞቴሮል ጋር፣ ሳልቡታሞልም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። የመንግሥት ተቋማትና መድኅን የሚሸፍኑትን ሲመርጡ ብዙ ጊዜ ይህን ዝርዝር ስለሚመለከቱ፣ የእርስዎ መድኃኒት ይሸፈን እንደሆነ መጠየቅ አይከፋም።

ሁለት ኢንሄለር መግዛት ካቃተዎት በግልጽ «መግዛት የምችለው አንድ ነው» ይበሉ። ቡደሶናይድ ከፎርሞቴሮል ጋር ያለበት ኢንሄለር ለብዙ ሰዎች እንደ መቆጣጠሪያም እንደ ማስታገሻም ያገለግላል፤ ፎርሞቴሮል በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራልና። በቀን ስንት ፓፍ ድረስ እንደሚፈቀድልዎት ግን ሐኪሙ ይጻፍልዎት። ሳልሜቴሮል ያለበትን በዚህ መንገድ መጠቀም አይቻልም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። ድብልቁ ከሌለና አስሙ ቀላል ከሆነ ደግሞ ሳልቡታሞል በሳቡ ቁጥር ቤክሎሜታዞንም አብሮ መሳብ በጂና መመሪያ የታወቀ አማራጭ ነው። ይህንንም ሐኪሙ ይወስን።

መሣሪያው ከተቀየረ አዲሱን አሳሳብ ሳያዩ ከመድኃኒት ቤት አይውጡ። ርካሽ መሣሪያ በስህተት ከተሳበ ርካሽ አይደለም። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነም ይወቁት፦ ጭሱ የስቴሮይዱን ጥቅም ይቀንሳል፤ ማቆሙ ከመድኃኒት ለውጥ በላይ ሊጠቅም ይችላል።

አንዳንድ ማብቃቂያዎች ግን ኪሳራ ናቸው። መቆጣጠሪያውን ቀን እየዘለሉ በራስ መውሰድ፣ የሌላ ሰው ኢንሄለር መዋዋስ፣ ኢንሄለሩን በሳልቡታሞል ኪኒን ወይም ሽሮፕ መተካት። ኪኒኑ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ዘግይቶ ይሠራል፣ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱም ይብሳል።

ደረጃ 8፦ ለሐኪሙ ይናገሩ

ብዙ ሰው ስለ ገንዘብ ለሐኪም መናገር ያፍራል። ሐኪሙ ግን ካላወቀ «መድኃኒቱ አልበቃም» ብሎ የበለጠ ውድ ያዝዛል። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ዶክተር፣ የታዘዘልኝን በሳምንት ሦስት ቀን ነው የምወስደው። ምክንያቱ ዋጋው ነው። ድምፄም ሻክሯል። አሳሳቤን ይዩልኝ፤ ከዚያ በዚህ ገንዘብ የሚቻለውን አብረን እንፈልግ።» ኢንሄለሩን ይዘው ይሂዱና ፊታቸው ይሳቡ። የጻፏቸውን ወረቀቶች ያሳዩ። ለድምፅ መሻከርና ለአፍ ፈንገስ ስፔሰር፣ የመሣሪያ ለውጥ ወይም የመጠን ቅነሳ ይጠይቁ። ሲወጡ በእጅዎ የተጻፈ ዕቅድ ይኑር፦ በደህና ቀን ምን እንደሚወስዱ፣ ሲብስ ምን እንደሚጨምሩ፣ መቼ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንደሚሄዱ።

እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ይህ ቀጠሮ አይደር። በእርግዝና ወቅት ያልተቆጣጠሩት አስም ለእናትም ለጽንሱም ከሚሳበው መድኃኒት የበለጠ አደገኛ ነው። ቡደሶናይድ በእርግዝና ላይ ብዙ መረጃ ያለው ነው።

ደረጃ 9፦ ቀን ቆርጠው እንደገና ይመዝኑ

አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ መጠን ሲጀምሩ ቀኑን ይጻፉ። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የደረጃ 2ን አራት ጥያቄዎች እንደገና ይመልሱ። መቆጣጠሪያው መሥራቱን ከዚያ በፊት መፍረድ ይከብዳል። የጎንዮሽ ጉዳት ከተሰማዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

አስሙ በተከታታይ 3 ወር በቁጥጥር ሥር ከቆየ መጠኑን መቀነስ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ከሩብ እስከ ግማሽ ነው፣ ከዚያ እንደገና 3 ወር ይታያል። ብዙ ሰው ይህን መብቱን አያውቅም፤ አንዴ የታዘዘለትን ከፍተኛ መጠን ለዓመታት ይዞ ይቀጥላል። ጉንፋን ይዞዎት እያለ፣ ረጅም ጉዞ ሊሄዱ ሲሉ ወይም በእርግዝና ወቅት ግን ቅነሳውን አይጀምሩ። መጠኑ ከወረደ በኋላ የሌሊት ሳል ከተመለሰ ወይም ማስታገሻው በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ካስፈለገ፣ በተጻፈልዎት ዕቅድ መሠረት ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሱና በዚያው ሳምንት ለሐኪሙ ያሳውቁ።